ከጠፈር የሚመጣ ድምፅ ስለምን ይደክማል?



በዛሬው ንግግሬ ላቀርብላችሁ ያሰብሁት፣ ከምድር ርቀው በሚሄዱት ሰው ሠራሽ ጨረቃዎችና መንኰራኵሮች እንዲሁም በምድር ላይ ሆነው በሚጠብቋቸው ሰዎች መካከል የሚደረገውን የሬዲዮ ንግግር ታሪክ ነው። ለይቼ ካላመለከትሁ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ይህ ንግግር ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ከምድር ወደ ላይ የሚወጣው ትእዛዝ ሲሆን፣ ዙር፣ ካሜራህን ክፈት፣ ማሞቂያህን አጥፋ እያለ መንኰራኵሩን ያዘዋል። ሁለተኛው ከላይ ወደ ምድር የሚወርደው ነው፤ ይኸውም መንኰራኵሩ ስለ ራሱ ጤንነትና ስላየው ነገር የሚያቀርበው ዘገባ ነው። ይህን ሁለተኛውን ሊቃውንቱ ቴሌሜትሪ ብለው ሰይመውታል፤ ቃሉ ከግሪክ የተወሰደ ሆኖ ትርጓሜው ከሩቅ መለካት ማለት ነው። ለመንግሥት ሠራተኛ ነገሩ እምብዛም እንግዳ አይደለም። በመሥሪያ ቤታችን ትእዛዝ ከላይ ይወርዳል፣ ዘገባም ከታች ይወጣል፤ በጠፈር ሥራ ግን ትእዛዙ ይወጣል፣ ዘገባው ይወርዳል። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው። በሁለቱም ቦታ ግን ከሁለቱ አንዱ የቀረ እንደ ሆነ ሥራው ሁሉ ይቆማል።

መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ኦክቶበር 4 ቀን 1957፣ የሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክ የተባለችውን የመጀመሪያይቱን ሰው ሠራሽ ጨረቃ ወደ ሰማይ ሰደደ። ክብደቷ 83.6 ኪሎ፣ ወርዷም 58 ሳንቲ ሜትር የሆነ ድቡልቡል ነገር ነበረች። የማሰራጫዋ ኀይል 1 ዋት ብቻ ነበረ፤ ይህም ለአንድ ትንሽ የእጅ ባትሪ አምፑል ከሚበቃው ኀይል እምብዛም አይበልጥም። ሆኖም ቢፕ ቢፕ እያለች የምታሰማውን ድምፅ በየአገሩ ሬዲዮ መነካካት የሚወዱ ሰዎች በቤታቸው በሠሩት መቀበያ ሳይቀር ሊሰሙት ቻሉ። ባትሪዋም እስኪያልቅ ድረስ ሦስት ሳምንት ያህል ስትሰማ ቆየች።

ይህን ከሌላ ታሪክ ጋር እናነጻጽረው። ቮዬጀር 2 የተባለው የአሜሪካ መንኰራኵር ኦገስት 20 ቀን 1977 ከምድር ተነሥቶ አራቱን ታላላቅ ፕላኔቶች ከጐበኘ በኋላ የፀሐይን ግዛት አልፎ ሄደ። የማሰራጫው ኀይል 20 ዋት ያህል ነው፤ ከስፑትኒክ ሃያ እጥፍ መሆኑ ነው። ወርዱ 3.7 ሜትር የሆነ እንደ ትልቅ ሰፌድ የተዘረጋ አንቴናም ተሸክሟል። በ2023 ክረምት ከምድር 19.9 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ሳለ ግን ድምፁን በሚገባ ለመስማት ወርዳቸው እስከ 70 ሜትር የሚደርስ፣ የብረት ተራራ የሚመስሉ አንቴናዎች ያስፈልጉ ነበር። የ1 ዋቷ በየቤቱ ስትሰማ የ20 ዋቱ በዚህ ሁሉ ድካም የሚሰማው ስለምንድን ነው?

መልሱን ለማግኘት በጨለማ ሌሊት ፋኖስ ይዞ ከሩቅ የሚመጣ ሰው እናስብ። ፋኖሱ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ሲሆን ብርሃኑ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ቢያርፍ፣ በሁለት ክንድ ርቀት ያው ብርሃን አራት ወረቀት በሚያህል ስፋት ላይ ይበተናል፤ በሦስት ክንድ ዘጠኝ ወረቀት፣ በዐሥር ክንድ ደግሞ መቶ ወረቀት በሚያህል ስፋት ላይ ይሰጣል። ስለዚህ ርቀቱ ዐሥር እጥፍ ሲሆን ለያንዳንዱ ወረቀት የሚደርሰው ብርሃን ከመቶ አንድ ይሆናል ማለት ነው። የሬዲዮ ሞገድም ሕጉ ይኸው ነው። በጠፈር ውስጥ ኀይል ጠፋ ስንል ተቃጥሎ ወይም በመንገድ ተሰርቆ አይደለም፤ ተበትኖ ነው። ከማሰራጫው የወጣው ሁሉ አለ፤ ለኛ የሚደርሰን ድርሻ ግን በርቀቱ መጠን እጅግ ያንሳል።

አሁን በዚህ ሕግ እናስላ። የስፑትኒክን ድምፅ አንድ ሰው በ1,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ሰማ እንበል። ቮዬጀር 2 በ2023 ከዚያ 20 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይርቅ ነበር። ኀይሉ የሚያንሰው ግን 20 ሚሊዮን ጊዜ ብቻ አይደለም፤ 20 ሚሊዮን በ20 ሚሊዮን ተባዝቶ 400 ትሪሊዮን ጊዜ ነው። እንዲህ ያለውን መቀነስ ማሰራጫውን ሃያ እጥፍ በማበርታት ማካካስ እንደማይቻል ግልጽ ነው።

ይህን ስሌት ለሥራ እንዲመች አድርጎ በአጭሩ የጻፈው ሃራልድ ፍሪስ የተባለው መሐንዲስ ነው። ይህ ሰው በዴንማርክ ተወልዶ በአሜሪካ በቤል የስልክ ላቦራቶሪ የሠራ ሲሆን፣ በ1946 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ለተቀባዩ የሚደርሰው ኀይል በላኪው ኀይል፣ በሁለቱ አንቴናዎች ስፋት፣ በርቀቱና በሞገዱ ርዝመት እንዴት እንደሚወሰን በአንድ መስመር አሳየ። በዚያን ጊዜ በሰማይ ላይ አንድም ሰው ሠራሽ ጨረቃ አልነበረም። ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ ስፑትኒክ ስትወጣ ግን ሒሳቡ ተዘጋጅቶ ይጠብቃት ነበር።

ክቡራን አድማጮች፤ ከዚህ ቀጥሎ ያለው በተለይ በሒሳብ ክፍል የሚሠሩትን ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ይመስለኛል። መሐንዲሶቹ የድምፁን ኀይል የሚቈጣጠሩት ልክ እንደ መሥሪያ ቤት በጀት ገቢና ወጪ አድርገው ነው። ለዚህም ዴሲቤል በሚባል መለኪያ ይጠቀማሉ። ይህ መለኪያ በ1920ዎቹ ዓመታት ከስልክ ሥራ የመጣ ሲሆን፣ ስሙም ስልክን በፈለሰፈው በአሌክሳንደር ግርሃም ቤል ስም የተሰየመ ነው። ጥቅሙም ማባዛትንና ማካፈልን ወደ መደመርና መቀነስ መለወጡ ነው። 3 ዴሲቤል ጠፋ ማለት ኀይሉ በግማሽ ያህል ቀነሰ ማለት ነው፤ 10 ጠፋ ማለት ከዐሥር አንዱ ብቻ ቀረ ማለት ነው፤ 20 ከጠፋ ከመቶ አንዱ፣ 30 ከጠፋ ከሺህ አንዱ ይቀራል።

የቮዬጀር 2ን በጀት በደምሳሳው እንክፈተው። በገቢ በኩል ማሰራጫው 13 ዴሲቤል ያስገባል። የመንኰራኵሩ አንቴና ኀይሉን ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሰበስበው 48 ይጨምራል። በምድር ያለው የ70 ሜትር አንቴና ደግሞ 74 ያህል ያክልበታል። የገቢው ድምር 135 ነው። በወጪ በኩል ርቀቱ ብቻውን 317 ያህል ይወስዳል። እንግዲህ ሂሳቡ ሲዘጋ የ182 ዴሲቤል ጉድለት ይገኛል። ይህ ጉድለት በተራ ቍጥር ሲገለጥ፣ በዚያ ታላቅ አንቴና ላይ የሚያርፈው ኀይል ከአንድ ዋት የቢሊዮንኛ ቢሊዮንኛ በታች ነው ማለት ነው። ከዚህ ሌላ አነስተኛ ወጪዎችም አሉ። ዝናብና እርጥብ አየር ጥቂት ይወስዳል፤ አንቴናው በትክክል ሳይነጣጠር ሲቀር ይጐድላል፤ የሽቦው መጋጠሚያ ይበላል፤ የላኪው ሞገድ እየተሽከረከረ ሲመጣ የተቀባዩ አንቴና ወደ አንድ ወገን ብቻ የተሠራ እንደ ሆነ ግማሹ ይቀራል። ብልህ መሐንዲስም ለእነዚህ ሁሉ መጠባበቂያ ሳይተው በጀቱን አይፈርምም።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ጉድለት ድምፁ እንዴት ይሰማል? በመርካቶ ገበያ መካከል አንድ ሰው በሹክሹክታ ቢናገራችሁ አትሰሙትም፤ እኩለ ሌሊት በጸጥታ በቤታችሁ ቢናገራችሁ ግን ትሰሙታላችሁ። የሰውየው ድምፅ በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው፤ የተለወጠው ጫጫታው ነው። በሬዲዮም እንዲሁ ነው። ማናቸውም ሙቀት ያለው ነገር ሁሉ፣ የመቀበያው ሽቦ ራሱ ሳይቀር፣ የራሱን ጫጫታ ያወጣል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ የመቀበያውን የመጀመሪያ ክፍል በፈሳሽ ሂሊየም ከመጨረሻው ብርድ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ከፍ እስኪል ድረስ ያቀዘቅዙታል፤ ጫጫታውም ይተኛል። ሁለተኛው ዘዴ ቀስ ብሎ መናገር ነው። ለደካማ ጆሮ ሰው ስንናገር ቃላቱን እየለያየን በዝግታ እንደምንናገር ሁሉ፣ ቮዬጀርም በ1979 በጁፒተር አጠገብ ሲያልፍ በሰከንድ 115,200 ቢት ይልክ የነበረው፣ ርቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ፍጥነቱን እየቀነሰ በኋለኛው ዘመን በሰከንድ 160 ቢት ወደ መላክ ደረሰ። ቢት የሚባለው አዎን ወይም አይደለም የሚል አንድ ምልክት ነው።

ሦስተኛው ዘዴ ጆሮን ማስፋት ነው። አሜሪካኖች በካሊፎርኒያ በጎልድስቶን፣ በእስፓኝ በማድሪድ አቅራቢያ፣ በአውስትራሊያም በካንቤራ አቅራቢያ ሦስት ታላላቅ ጣቢያዎችን አቆሙ። ምድር ስትዞር አንዱ ጣቢያ ሲጋረድ ሌላው ይተካል። በመጀመሪያ የነበሩት አንቴናዎች ወርዳቸው 26 ሜትር ነበረ። በ1966 ጎልድስቶን ላይ 64 ሜትር ወርድ ያለው ሥራ ጀመረ፤ በ1980ዎቹም ሦስቱ የ64 ሜትር አንቴናዎች ወደ 70 ሜትር ሰፉ። ያም አልበቃ ሲል የአንዱ ጆሮ ከሌላው ጋር ተጣመረ። ቮዬጀር 2 በ1986 በኡራኑስ አጠገብ ሲያልፍ በአውስትራሊያ የፓርክስ የከዋክብት መመርመሪያ አንቴና ለካንቤራው ጣቢያ አጋዥ ሆነ። በኦገስት 1989 በኔፕቲዩን አጠገብ ሲያልፍ ደግሞ በኒው ሜክሲኮ በረሃ የቆሙት 27 አንቴናዎች ከጎልድስቶን ጋር አብረው አዳመጡ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ በዚህ ሥራ ላይ በእውነት ተፈጸመ።

ይህ ጆሮን የማስፋት ሥራ በእኛም አካባቢ አሻራውን ትቶአል። አሥመራ በኢትዮጵያ አስተዳደር ሥር በነበረችበት ዘመን ቃኘው የሚባል የአሜሪካ ጦር የሬዲዮ ሰፈር በዚያ እንደ ነበረ ብዙዎች ያስታውሳሉ። በ1960ዎቹ አጋማሽ በዚያው ሰፈር ስቶንሃውስ የተባለ ጣቢያ ተቋቁሞ፣ አንደኛው 150 ጫማ፣ ሁለተኛውም 85 ጫማ ወርድ ያላቸው ሁለት አንቴናዎች ቆሙ። ሥራቸውም የሶቪየት መንኰራኵሮች ወደ አገራቸው የሚልኩትን ቴሌሜትሪ ማዳመጥ ነበር። የሶቪየት ኅብረት ከሩቅ መንኰራኵሮቹ ጋር የሚነጋገርበት ታላቅ ጣቢያ በክራይሚያ ነበረ፤ አሥመራም በዚያው የኬንትሮስ አካባቢ ስለምትገኝ፣ መንኰራኵሩ ለክራይሚያ በሚናገርበት ሰዓት ለአሥመራም ይታይ ነበር። ጣቢያው በ1970ዎቹ አጋማሽ ተዘጋ። ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር አለ፤ ተበትኖ የሚመጣ ድምፅ ለባለቤቱ ብቻ አይደርስም። ለላኪው ኪሳራ የሆነው መበተን ለሌላው አድማጭ ገቢ ሊሆን ይችላል።

እስካሁን የተናገርሁት ርቀት ስለሚወስደው ኀይል ነው። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ማንም አይሽረውም፤ ነገር ግን አስቀድሞ ሊሰላ ይችላል። ፓዮኒር 10 የተባለው መንኰራኵር በ1972 ሲላክ ማሰራጫው 8 ዋት ብቻ ነበረ፤ ሆኖም እየደከመ የሄደ ድምፁ እስከ ጃንዋሪ 2003 ድረስ፣ ከ12 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ተሰምቶአል። በዚህ መቀነስ ማንም አልተገረመም፤ ሁሉም በሒሳቡ ውስጥ ነበረና። በጠፈር ሥራ ታሪክ ውስጥ ሰዎችን ያስጨነቀው ሌላው ዓይነት ኪሳራ ነው፤ ይኸውም በመካከል ካለው ባዶ ርቀት ሳይሆን በሁለቱ ጫፎች ላይ፣ ከሰው እጅና ከሰው ልማድ የሚመጣው ነው። ስለዚህም ሦስት ታሪኮችን እነግራችኋለሁ።

የመጀመሪያው በ1978 የሆነ ነው። ቮዬጀር 2 ሁለት የትእዛዝ መቀበያዎች ነበሩት፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላው እንዲተካው ታስቦ። ከምድር ለሰባት ቀን አንድም ትእዛዝ ያልመጣለት እንደ ሆነ ግን፣ መቀበያዬ ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ወደ ሁለተኛው እንዲዛወር ታዞ ነበር። በካሊፎርኒያ በጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ያሉት ሠራተኞች በዚያ ሰሞን መንትያው ቮዬጀር 1 ባመጣው ችግር ተጠምደው ነበርና ለቮዬጀር 2 በጊዜው ትእዛዝ መላክን ረሱ። ሰባቱ ቀን ሞላ፤ ኤፕሪል 5 ቀን መንኰራኵሩ እንደ ታዘዘው ወደ ሁለተኛው መቀበያ ተዛወረ። ያ መቀበያ ግን በውስጡ አንድ ትንሽ ዕቃ ተበላሽቶበት ስለ ነበረ የሚለዋወጠውን ሞገድ እየተከተለ ሊይዝ አልቻለም። ከሰዓታት በኋላ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ፤ እርሱም ጥቂት ሠርቶ ፈጽሞ ሞተ። እንደገና ሰባት ቀን በጭንቀት መጠበቅ ግድ ሆነ።

መንኰራኵሩ ወደ ጎዶሎው መቀበያ በተመለሰ ጊዜ መሐንዲሶቹ አንድ መላ አገኙ። መቀበያው ድምፁን ሊከተል ካልቻለ፣ ድምፁ መቀበያውን እንዲከተል ያደርጉ ጀመር። የምድርን መዞርና የመንኰራኵሩን ፍጥነት፣ የመቀበያውንም ሙቀት አስልተው፣ ትእዛዛቸው እዚያ ሲደርስ መቶ ሳይክል በማያህል ጠባብ በር ውስጥ እንዲገባ ሞገዱን በየጊዜው እየለዋወጡ ላኩ። ኤፕሪል 13 ቀን ትእዛዙ ተሰማ። ከዚያ በኋላ የተደረገው የሳተርን፣ የኡራኑስና የኔፕቲዩን ጉብኝት ሁሉ በዚያ ጎዶሎ ጆሮ በኩል በተላለፈ ትእዛዝ የተፈጸመ ነው። የዚህ ሁሉ መነሻ ግን አንድ ሳምንት የዘለቀ ዝምታ ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ የጋሊሊዮ ነው። ይህ መንኰራኵር ወደ ጁፒተር የተላከው በኦክቶበር 1989 ነው። ወርዱ 4.8 ሜትር የሆነ፣ እንደ ዣንጥላ የሚዘረጋ አንቴና ነበረው። ኤፕሪል 11 ቀን 1991 ተዘርጋ ተብሎ ሲታዘዝ ከ18ቱ ዘንጎች ጥቂቶቹ ተጣብቀው ቀሩ፤ ዣንጥላው ከግማሽ ላይ ቆመ። መርማሪዎቹ እንደ ገመቱት ምክንያቱ በጠፈር የተገኘ አልነበረም። ቻሌንጀር የተባለችው መንኰራኵር በ1986 ከጠፋች በኋላ የጋሊሊዮ ጉዞ ለዓመታት ስለ ዘገየ፣ መንኰራኵሩ በከባድ መኪና ከካሊፎርኒያ ወደ ፍሎሪዳ፣ ከዚያም ተመልሶ ወደ ካሊፎርኒያ፣ እንደገናም ወደ ፍሎሪዳ ተጓጉዞ ነበር። በዚህ መንገጫገጭ የዘንጎቹ ማለስለሻ ቅባት እየተፋቀ አለቀ። ብዙ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያለ ችግር የተጓዘው መንኰራኵር የተጎዳው በመኪና መንገድ ላይ ነበር ማለት ነው።

ኪሳራውን በቍጥር እንየው። በታላቁ አንቴና በሰከንድ 134,000 ቢት ይላካል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ በቀረው ትንሽ አንቴና ግን ሊላክ የሚችለው 10 ያህል ብቻ ሆነ። የጋሊሊዮ ካሜራ የሚያነሣውን አንድ ሥዕል እንዳለ ለመላክ በመጀመሪያው መንገድ 40 ሰከንድ ያህል ሲበቃ፣ በሁለተኛው ስድስት ቀን ገደማ ይፈልጋል። መሐንዲሶቹ ግን ተስፋ አልቈረጡም። ሥዕሉን አሳጥሮ የሚጽፍ አዲስ መመሪያ ለመንኰራኵሩ ላኩለት፤ በምድርም ያሉትን አንቴናዎች አጣመሩ፤ ፍጥነቱንም እስከ 160 ቢት አደረሱት። ጋሊሊዮ በዲሴምበር 1995 ጁፒተር ደርሶ እስከ 2003 ድረስ ሠራ፤ ከታሰበለትም ምርምር 70 በመቶ ያህሉ ተፈጸመ።

ሦስተኛው ታሪክ ቅርብ ነው። ጁላይ 21 ቀን 2023 ለቮዬጀር 2 በተላከው የትእዛዝ ሰንሰለት ውስጥ ስሕተት ስለ ነበረ፣ መንኰራኵሩ አንቴናውን ከምድር 2 ዲግሪ ዘወር አደረገ። ሁለት ዲግሪ ማለት በእጃችን የያዝነውን እርሳስ ጫፍ በጥቂቱ ማዘንበል ነው። በ19.9 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ግን የድምፁ ጨረር መሐል ከምድር 700 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ወዲያ አለፈ፤ ይህም በፀሐይና በምድር መካከል ያለውን ርቀት ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ዘገባው ተቋረጠ። ኦገስት 1 ቀን የምድር ጣቢያዎች የመንኰራኵሩን የልብ ትርታ ብቻ፣ ማለት ቃል የሌለበትን ባዶ ሞገድ፣ በጭንቅ ሰሙ፤ በሕይወት መኖሩም ታወቀ።

በዚህ ጊዜ ያዳነው የሁለቱ መንገዶች ልዩነት ነው። የሚወርደው ዘገባ በአጭር ሞገድ ስለሚላክ ጨረሩ ጠባብ ነው፤ የሚወጣው ትእዛዝ ግን አራት እጥፍ በሚረዝም ሞገድ ስለሚላክ የመንኰራኵሩ አንቴና ለእርሱ ሰፋ ያለ ጆሮ አለው። ስለዚህ የካንቤራው ጣቢያ ያለውን ከፍተኛ ኀይል ሰብስቦ፣ አንቴናህን ወደ ምድር መልስ የሚለውን ትእዛዝ ጮኸ ብንል ይቀላል። ጩኸቱ እዚያ ለመድረስ 18 ሰዓት ተኩል ፈጀ፤ መልሱም ያንኑ ያህል ፈጀ። ከ37 ሰዓት በኋላ፣ ኦገስት 4 ቀን፣ ዘገባው እንደ ቀድሞው ይወርድ ጀመር። ጩኸቱ ባይሰማ ኖሮ ሌላ መጠባበቂያ ነበረ፤ መንኰራኵሩ አንቴናውን ወደ ምድር እንደገና እንዲያነጣጥር አስቀድሞ የታዘዘበት ቀን ኦክቶበር 15 ነበር።

ነገሩ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን ወደ እንጦጦ እንመለስ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን የመሬት መመልከቻ ሳተላይት በቻይና ሮኬት ወደ ጠፈር ስታስወጣ፣ ከእርሷ ጋር የሚነጋገረው ጣቢያ በእንጦጦ ተራራ ላይ ተተክሎ ነበር። ሳተላይቷ 70 ኪሎ ያህል የምትመዝን ሆና 628 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትዞር ነበር። በዚህ ከፍታ የሚዞር ሳተላይት በራሳችን አናት ላይ ሲያልፍ የሚርቀን 628 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአድማስ ብቅ ሲል ግን 2,900 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ርቀቱ አራት ከግማሽ እጥፍ በላይ ነውና በዚያች ቅጽበት የሚደርሰን ኀይል አናታችን ላይ ሲሆን ከሚደርሰው ሃያ አንድ ጊዜ ያህል ያንሳል። በዚያ ላይ ከአድማስ የሚመጣው ድምፅ በወፍራም አየርና በደመና ውስጥ ረጅም መንገድ ያቋርጣል። ስለዚህ በእንጦጦ የሚቀመጠው ባለሙያም በየዕለቱ የሚሠራው ፍሪስ በ1946 በጻፈው ሒሳብ ነው። ለእንጦጦም ሆነ ለካሊፎርኒያ የርቀት ሕግ አንድ ነው።

ክቡራን አድማጮች፤ እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ኑሮዬ ግን በማይክሮፎን ፊት ነው። አንድ ቀን በአንድ ስቱዲዮ ተቀምጬ የማይክሮፎኑ ሽቦ ከመሰኪያው ላልቶ ኖሮ፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ ለራሴ ብቻ ስናገር ቆየሁ። ማሰራጫው ብርቱ ነበረ፤ ምሰሶውም ረጅም ነበረ፤ ሁሉ የጠፋው ከአፌ ክንድ በማይርቅ ቦታ ላይ ነው። ተሰምቻለሁ ወይስ አልተሰማሁም የሚል መልስ የሚነግረኝ ስላልነበረም ነገሩን ያወቅሁት ሥራዬን ከጨረስሁ በኋላ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእነዚህን መንኰራኵሮች ታሪክ ባነበብሁ ቍጥር ልቤን የሚነካኝ የርቀቱ ብዛት አይደለም፤ የመጋጠሚያዋ ትንሽነት ነው።

በሥራችንም ነገሩ ከዚህ አይለይም። ከዋና ከተማ እስከ ሩቅ ወረዳ ያለው መንገድ ረጅም መሆኑን ሁላችን እናውቃለን፤ ስለዚህም ጊዜና ገንዘብ እንመድብለታለን። ይህ ርቀት የሚወስደው ኪሳራ የሚታወቅ ነውና አያስፈራም። የሚያስፈራው መልስ ሳይጻፍለት ሳምንት ያለፈው ደብዳቤ፣ በመጓጓዣ ላይ ሳለ ቅባቱ ያለቀው ዕቃ፣ ሳይመረመር የወጣው ባለ ሁለት ዲግሪ ስሕተት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ በጫፉ ላይ ያለችውን ትንሿን ጉድለት በጊዜዋ ያስተካከለ ሰው፣ በመካከል ያለውን ታላቅ ርቀት በትዕግሥትና በሒሳብ ይሻገረዋል። በ1978 ያን ጎዶሎ መቀበያ ያልተዉት መሐንዲሶች ያስተማሩንም ይህንኑ ነው፤ መቀበያው ድምፁን መከተል ሲያቅተው፣ ድምፃቸው መቀበያውን እንዲከተል አደረጉ።

ለዛሬ በዚሁ እሰናበታችኋለሁ። በደኅና ሰንብቱ።